ቀራንዮና ኮርነር

ኮልፌ ቀራንዮ ስንል እንውላለን፤ ቀራንዮ የሚለው ቃል ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም የጠየቅነው በጂኦሜትሪ ሰዓት ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ተሥሎ ጫፎቹ «ኮርነር» ሲባሉ፣ አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ «ይህማ የኛው ቀርን ነው! እንግሊዞች ከግዕዝ ወስደውት ነው» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኛም አጨብጭበናል።

ነገሩ ደስ ያሰኛል፤ ቀርን በግዕዝ ቀንድ ነውና፣ የኮርነርም ሥሩ ቀንድ ነው። መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ ግን ጭብጨባው ያለ ቦታው እንደ ሆነ ተረዳን።

ኮርነር ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደዚያ ፈለሱ፤ ይህም ቃል በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጽሑፍ ይገኛል። የፈረንሳይኛው አባት ላቲኑ ኮርኑ ነው፤ ቀንድ ማለት ነው። ሹል ሆኖ የወጣ ጫፍ ሁሉ በቀንድ ተመሰለ፤ የአፍሪካ ቀንድ እንደሚባለው ማለት ነው።

ከላቲን በፊት ደግሞ ጽሕፈት ያልነበረው አንድ ጥንታዊ ቋንቋ ነበረ፤ ሊቃውንት ኢንዶ ኤውሮጳዊ ይሉታል። ሰር ዊልያም ጆንስ በ1786 በካልካታ ሳንስክሪት፣ ጽርእና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይፈልቁ አልቀሩም ብሎ ከተናገረ ወዲህ፣ ሊቃውንት ልጆቹን ቋንቋዎች እያነጻጸሩ የጥንቱን ቃላት ይፈልጋሉ። ከነዚህ አንዱ «ኬር» የሚመስል ሥር ነው፤ ትርጓሜውም ራስና ቀንድ። በጀርመናውያን ቋንቋዎች የጥንቱ «ከ» ወደ «ሀ» ስለ ተለወጠ እንግሊዝኛው ሆርን ከዚሁ ወጣ። ሆርንና ኮርነር እኅትማማች ናቸው፤ አንዲቱ በቤት ያደገች፣ ሌላይቱ በሮማና በፈረንሳይ ዞራ የመጣች።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዚሁ ሥር ጽርኣውያን የራስ ቅልን ክራንዮን አሉ። ሉቃስም በወንጌሉ በምዕራፍ 23 ጌታችን የተሰቀለበትን ስፍራ በዚህ ስም ጠራው። በላቲኑ መጽሐፍ ካልቫሪያ ተብሎ ስለ ተተረጎመ እንግሊዞች ካልቨሪ ይላሉ። በአክሱም ዘመን ወንጌልን ከጽርእ ወደ ግዕዝ የመለሱት አባቶች ግን ቃሉን እንዳለ ተቀብለው ቀራንዮ አሉት። ከዚያም በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በኩል የሰፈር፣ ቆይቶም የክፍለ ከተማ ስም ሆነ።

እንግዲህ የኮርነር ዘመድ ይኸው ደጃችን ላይ ያለው ቀራንዮ ነው። ቀርን ከዐረብኛው ቀርንና ከዕብራይስጡ ቄሬን ጋር የሴም ቤተሰብ ነው። ከኮርኑ ጋር መመሳሰሉን አንዳንድ ሊቃውንት የጥንት መዋዋስ፣ ሌሎችም አጋጣሚ ይሉታል፤ እንግሊዞች ከግዕዝ ወሰዱ የሚል ግን አላገኘንም።

ጓደኛችን ይህን ስንነግረው ጥቂት አኩርፎ ቆየ። ኋላ በደብተሩ ላይ አራት ማዕዘን ሥሎ በአንዱ ጫፍ «ቀራንዮ» ብሎ ጻፈበት።