ከሮኬቱ ይልቅ ሳህኑ

በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ቴሌቪዥኖች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ እረፍት ያጣው የሰፈራችን ዲሽ ሠሪ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሳህኑን ወደ ምሥራቅ ይገፋና "መጣ?" ይላል። ከሳሎን "አልመጣም! ኧረ መጣ... ሄደ!" ይሉታል። ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሄዳል። የጠፈር ንግድ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሮኬት ሮኬት ይላል፤ እኔ ግን ትዝ የሚለኝ የዚያ ሰው ብሎን መፍቻ ነው።

ንግዱ የተጀመረው በስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ለናሳ ከፍሎ ቴልስታር የተባለችውን ሳተላይት አስወነጨፈ። ዕድሏ ግን አላማረም፤ በዋዜማዋ አሜሪካ ራሷ ጠፈር ላይ ያፈነዳችው ኑክሌር የረጨው ጨረር ጎድቷት በወራት ውስጥ ዝም አለች። በ1965 የተከተለችው፣ ኢንቴልሳት የተባለው ድርጅት ሳተላይት ኧርሊ በርድ፣ የምትሸከመው 240 የስልክ መስመር ወይም አንድ የቴሌቪዥን ሥርጭት ነበር።

ከሁሉም ብልጥ የምላት ሉክሰምበርግን ነው። የብረት ኢንዱስትሪዋ ሲንገዳገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥቷ የደገፈው ኤስ.ኢ.ኤስ. የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ሮኬት አልሠራም፤ ሳተላይትም አልሠራም። ሳተላይቱን ከአሜሪካ ገዛ፣ በ1988 በአውሮፓው አሪያን ሮኬት አስወነጨፈ፣ ከዚያ እንደ ቤት አከራይ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያከራይ ጀመር። ያ አከራይ በ2025 ኢንቴልሳትን ራሱን ገዛው። ኢትዮሳትም የተከራየው ከእሱ ስለነበር፣ ዲሽ ሠሪያችን ሳህኑን ያዞረው ወደ እሱ ሳተላይት ነበር።

የሮኬት ኩባንያው ስፔስኤክስም ቢሆን ማስወንጨፉ ሦስት ጊዜ ከሽፎበት እ.ኤ.አ. በ2008 በአራተኛው ሲሳካለት፣ በእግሩ ያቆመው የናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የጭነት ውል ነው። በ2015 ሮኬቱን መልሶ ማሳረፍ ቻለ፤ የማስወንጨፊያ ዋጋም ወረደ። ዛሬ ግን ትልቁ ገቢው የሚመጣው ጣሪያቸው ላይ የስታርሊንክ ሳህን ከሰቀሉ ደንበኞች ነው።

እኛም ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 የተባለችውን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አስወንጭፈናል፤ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች። በእሷ ፎቶ ላይ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር ማሳ 13 ነጥብ ያህል ይሆናል ማለት ነው። እነዚያን ነጥቦች አይቶ "ይሄ ጤፍ ውኃ ጠምቶታል፣ ያኛው ታጭዷል" ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው፣ ለእህል ነጋዴውም ለሰብል መድኑም የሚሸጠው ነገር አለው። እንደ ዲሽ ሠሪው ሁሉ እሱም ሮኬት አላስፈለገውም።