ጤፍ በረዥም ቀን አገር

ጤፍ አጭር ቀን የለመደ ሰብል ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የዓመቱ ረዥሙና አጭሩ ቀን የአንድ ሰዓት ልዩነት እንኳ የላቸውም። በአካባቢው በክረምት የተዘራ ጤፍ በቀን ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ያገኛል፤ ለማበብ የሚስማማውም ይኸው ነው። በአሜሪካዋ አይዳሆ ግን የሰኔ ቀን ከ15 ሰዓት ያልፋል። ብርሃኑ ሲረዝም ጤፉ ቅጠል እያበዛ ራስ ማውጣቱን ያዘገያል። ፍሬው ሳይጠና ውርጭ ከመጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ባሕር ማዶ ለእህል የሚዘራ ጤፍ ረዥሙን ቀን ችሎ ቶሎ የሚደርስ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለውን ዘር በማዳቀል ማግኘት ቀላል አይደለም። የ1,000 ፍሬ ክብደት ግማሽ ግራም አይሞላም፤ አበባውም በራሱ ብናኝ የሚራባ ደቃቅ አበባ ነው። ጤፍ አይዳቀልም ተብሎ ለዓመታት ሲታመን ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት። ትዕግሥት ያፈራው ይህ ግኝት ለደብረ ዘይት ተመራማሪዎች በር ከፈተ። በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ፣ ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርታማነት ከማኛ ንጣት ጋር ያጣመረ ድቅል ነው።

የጤፍ ዘር አገር የለቀቀው ግን ከዚህ እጅግ ቀድሞ ነው። የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ አስመጥቶ ለሕንድ፣ ለአውስትራሊያና ለደቡብ አፍሪካ አከፋፈለው። በደቡብ አፍሪካ ሥር ሰደደ፤ የተፈለገው ግን ለእንጀራ ሳይሆን ለከብት ድርቆሽ ነበር።

ባሕር ማዶ ለእንጀራ የተዘራው ኢትዮጵያዊው ስደተኛ ከበዛ በኋላ ነው። በስንዴና በገብስ ዱቄት አብሲት እየጣለ የኖረው ሰው እውነተኛ ጤፍ ይናፍቅ ነበር። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው አሜሪካዊ ዌይን ካርልሰን በ1980ዎቹ በአይዳሆ፣ በስኔክ ወንዝ ሸለቆ ጤፍ ማምረት ጀመረ፤ ምርቱም ማስካል ጤፍ ተብሎ ተሸጠ። እዚያ የሚዘራው የጸደይ ውርጭ ካለፈና አፈሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ማሳው ልል ከሆነ ፍሬው ወደ ታች ሰምጦ ሳይበቅል ይቀራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ማሳውን ከብት አስረግጦ የሚያጠብቀውን ገበሬ ሥራ እዚያ ከባድ መዳመጫ ይሠራዋል። ዘሩ ወደ መሬት የሚገባው ሚሊሜትሮች ያህል ብቻ ነው። ዝናቡ ስለማይበቃ ውኃው ከመስኖ ይመጣል፤ ማዳበሪያ ከበዛበት ግን አገዳው ራሱን መሸከም አቅቶት ይጋሽባል። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ በውጭ የሚመረተው ጤፍ ለስደተኛው ገበያ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

በሆላንድ የሆነው ግን ያስቆጣል። አንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ በስምምነት ዘር ወስዶ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ገበሬው ትውልድ በትውልድ ያቆየው ዕውቀት የሌላ ሰው ፈጠራ ተብሎ መመዝገቡ ግልጽ በደል ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ ፓተንቱን ሻረው፤ ውሳኔው ግን የሚሠራው በሆላንድ ውስጥ ብቻ ነበር።