በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎች የተሰጠ ከለላ

በአሜሪካ የቤተሰብ ኢሚግሬሽን አሠራር አብዛኛውን ጊዜ ለሚስቱ የሚያመለክተው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል ነው። ማመልከቻውን የሚያስገባው እርሱ ነው፤ ሳይጸድቅ ሊሰርዘውም ይችላል። ይህ ሥልጣን በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ዱላ ይሆናል። «ፔፐርሽን አስቆመዋለሁ፣ ዲፖርት አስደርግሻለሁ» የሚለው ዛቻ ስንቷን ሴት በደሏን ውጣ እንድትኖር አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት፣ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተውና በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ቫዋ» የሚባለው ሕግ ይህን ሥልጣን ከአጥቂው እጅ አወጣው። ተጎጂዋ ባሏ ሳይፈርም፣ ሳያውቅም፣ አይ-360 በተባለው ቅጽ ለራሷ ማመልከት ቻለች። ለዚህ ማመልከቻ ክፍያ አይጠየቅም።

ሕጉ በሴቶች ስም ይጠራ እንጂ የተደበደበ ባልም ይጠቀምበታል። ልጆችም ይካተታሉ፤ 21 ዓመት የሞላው አሜሪካዊ ልጃቸው የሚያሠቃያቸው ወላጆችም እንዲሁ። የትዳር ጓደኛ ስታመለክት ጋብቻው ለወረቀት ተብሎ ያልተፈጸመ መሆኑን፣ ከአጥቂው ጋር አብራ መኖሯን፣ ጥቃቱንና መልካም ጠባይዋን ማሳየት ይጠበቅባታል።

ብዙዎች የሚያፈገፍጉት ማስረጃው ላይ ነው። «ፖሊስ አልጠራሁም፣ ሐኪም ቤትም አልሄድኩም፤ ማን ያምነኛል?» ይላሉ። የፖሊስ ሪፖርት ግን ግዴታ አይደለም። ሕጉ ማንኛውም ተአማኒ ማስረጃ እንዲታይ ያዛል፦ የራሷ ዝርዝር የቃለ መሐላ ጽሑፍ፣ የዛቻ መልእክት፣ ፎቶ፣ የጎረቤት ምስክርነት። ባልና ሚስቱን ሊያስታርቁ የተቀመጡ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ያዩትን ቢጽፉም ይረዳል። ጥቃት ማለት ዱላ ብቻም አይደለም፤ ማስፈራራት፣ ከወገን መነጠል፣ ፓስፖርት መደበቅ ተደማምረው ከባድ ጭካኔ ሊባሉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተጨመረው የምስጢር ጥበቃ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ባለሥልጣናት የማመልከቻውን መረጃ ለአጥቂው እንዳይሰጡ፣ እርሱ ብቻ በነገራቸው ተመርኩዘውም በተጎጂዋ ላይ እንዳይወስኑ ተከልክለዋል።

በዲቪ ሎተሪ ከባሏ ጋር የገባች ሴት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም። ግሪን ካርዱ የራሷ ነውና ባሏ ሊነጥቃት አይችልም። ጋብቻዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በባሏ በኩል የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ያገኘች ደግሞ፣ ቋሚውን ስትጠይቅ ከባሏ ጋር መፈረም እንዳይጠበቅባት ጥቃቱን ጠቅሳ መጠየቅ ትችላለች። ያላገባች፣ ወይም አጥቂዋ ራሱ ወረቀት የሌለው እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው፣ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠው የዩ ቪዛ አለ። የወንጀሉን ምርመራ መርዳቷን የሕግ አስከባሪ አካል ማረጋገጥ አለበት። በዓመት የሚሰጠው ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

ጊዜ ወሳኝ ነው። የተፋታች ሴት የቫዋ ማመልከቻዋን ፍቺው በጸደቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ማስገባት አለባት፤ ማመልከቻው ሳይጸድቅ ሌላ ብታገባ መብቷን ታጣለች። ስለዚህ እህት፣ ከመፋታትሽም ሆነ ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ። በ1-800-799-7233 የሚገኘው ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ሌሊትና ቀን በነጻ ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።