ቀባሪ ያጡ መምህራን

በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሀብትና ሹመት ከመመኘት ይልቅ ይህች ምርቃት ትከብዳለች፤ ሰው በቁሙ እድር ገብቶ በየወሩ የሚያዋጣውም ለዚችው ነው። ስለ ሰው አካል ትምህርት ታሪክ በምናወጋበት በዚህ ጽሑፍ ምርቃቱን ያስቀደምነው ያለ ነገር አይደለም። ዛሬ አንድ ተማሪ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚከታተለው የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ትምህርት በአብዛኛው የተገነባው ቀባሪ ባጡ ሰዎች አካል ላይ ነውና።

አናቶሚ አካል እንዴት እንደ ተሠራ፣ ፊዚዮሎጂ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምሩ እኅትማማች ትምህርቶች ናቸው። መግቢያው ከሕዋስ ይጀምርና በ206ቱ አጥንቶች፣ በጡንቻ፣ በነርቭ፣ በልብና በኩላሊት በኩል አልፎ እስከ መራቢያ አካላት ይዘልቃል። በአሜሪካ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሁሉ በአብዛኛው አስቀድሞ ይህን በር ማለፍ አለበት፤ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችንም ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ የአጥንት ስም እየሸመደዱ አልፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ኮሌጆችን ሲዘጋ ትምህርቱ በመላው ዓለም ወደ ስክሪን ገባ። የፎርማሊን ሽታ ቀረ፤ ጓንት ቀረ፤ አጠገብ ቆሞ «እዚህ ጋ ዳስሰው» የሚል መምህር ቀረ። «ተማሪው ከአስከሬን ራቀ» ተባለ። እኛ ግን ሁለት ነገር እንጠይቅ። ለመሆኑ ተማሪው ቀርቦ የሚያውቀው መቼ ነው? ደግሞስ ራቀ የተባለው ከማን ነው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከጋለን እንጀምር። ዛሬ በቱርክ ምድር በምትገኘው በጴርጋሞን በ129 የተወለደው ይህ ሐኪም በወጣትነቱ የግላዲያተሮች ሐኪም ነበርና ቁስላቸው የሰውን ውስጥ የሚያይበት መስኮት ሆነለት። የሰው አስከሬን መክፈት በዘመኑ ነውር ስለ ነበር የቀረውን የተማረው ከዝንጀሮ፣ ከአሳማና ከከብት ነው። ብልህነቱ አያጠራጥርም፤ የሚጮህ አሳማ የጉሮሮው ነርቭ ሲታሰር ጩኸቱ ድርግም ብሎ እንደሚጠፋ በአደባባይ አሳይቷል። ዳሩ ግን በእንስሳ ያየውን ለሰው ሰጠ። የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው አለ፤ በአንጎል ሥርም እንደ መረብ የተጠላለፉ የደም ሥሮች አሉ ብሎ አስተማረ። መረቡ በበግና በበሬ አለ፤ በሰው ግን የለም። በእኛም አገር በበዓል በግ ሲወራረድ እያየ ያደገ ሰው ልብን ከሳምባ፣ ጉበትን ከጣፊያ ለይቶ ያውቃል፤ ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ውስጥ ቢገምት ብዙም አይስት ይሆናል። ጋለን የሳተው በዚህችው «ብዙም» ውስጥ ነው። ስሕተቱ ከ1300 ዓመታት በላይ እንደ እውነት ተነበበ።

በ1316 የቦሎኛው ሞንዲኖ የሰው አስከሬን እየከፈተ የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ጻፈ። ተማሪው ወደ አካሉ የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሞንዲኖ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው የተለመደው ሥርዓት ሌላ ነበር። መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ መጽሐፍ ያነባል፤ ከሥሩ አንድ ጸጉር ላጭ አስከሬኑን ይቀዳል፤ ሌላው በዘንግ ይጠቁማል። ተማሪው ከአስከሬኑ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሞ እያለ በእውነቱ የርቀት ተማሪ ነበር። ዓይኑ ያየውና ጆሮው የሰማው ባይስማሙ የሚጠራጠረው ዓይኑን እንጂ መጽሐፉን አልነበረም።

ይህን ያፈረሰው በ1514 በብራስልስ የተወለደው አንድርያስ ቬሳሊየስ ነው። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን ራሱ ያዘ። መንጋጋው አንድ አጥንት ሆኖ አገኘው፤ የአንጎል ሥሩን መረብም ፈልጎ አጣው። በ1543 በባዝል ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በእንጨት ላይ በተቀረጹ ድንቅ ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ ጡንቻቸው የተገለጠ ሰዎች በመስክ መካከል ቆመው ይታያሉ። እንግዲህ ፓዱዋ መሄድ ያልቻለ ተማሪ በሩቅ አገር ሆኖ የሰውን አካል በትክክል ሊማር የቻለው ከዚህ መጽሐፍ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

በመስክ መካከል የቆሙት እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ቬሳሊየስ ራሱ አልደበቀም። በፓሪስ ተማሪ ሳለ ከመቃብር ቦታ አጥንት ይለቅም ነበር፤ በሉቫን ከተማ ዳርቻ በመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የወንጀለኛ አጽም በድብቅ አውርዶ ወስዷል፤ በፓዱዋም አንድ ዳኛ በሞት የተቀጡትን አስከሬን ይሰጠው ነበር። የፊተኞቹ መምህራን የተሰቀሉ ሰዎች ነበሩ።

ትምህርቱ ሲስፋፋ የተሰቀሉት አልበቁም። እንግሊዝ በ1752 ባወጣችው ሕግ የነፍሰ ገዳይ አስከሬን ለቀዶ ጥናት እንዲሰጥ ደነገገች፤ መቀበር መከልከሉ የቅጣቱ አንድ ክፍል ሆነ። በኤዲንብራ ከተማ በ1828 ቡርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች 16 ሰዎችን እየገደሉ አስከሬናቸውን ሮበርት ኖክስ ለተባለ የአናቶሚ መምህር ሸጡ። የተገደሉት በአብዛኛው ድሆችና ጠያቂ የሌላቸው ነበሩ። ሄር በባልንጀራው ላይ መስክሮ ነጻ ወጣ፤ ቡርክ በጥር 1829 ተሰቀለ፤ በፍርዱ መሠረትም አስከሬኑ ለተማሪዎች ተቀደደ። አጽሙ ዛሬም በዚያው በኤዲንብራ በአናቶሚ ቤተ መዘክር ቆሟል።

ፓርላማው በ1832 መድኃኒት ያለውን ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ በድሆች መጠለያና በሆስፒታል ሞቶ ዘመድ ያልጠየቀው ሰው ለአናቶሚ ትምህርት ሊሰጥ ተፈቀደ። የአስከሬን ሌብነቱ ቆመ። ግን ትናንት የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው ነገር ዛሬ የድህነት ዕጣ ሆነ። «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት ለለንደን ድሃ እንዴት በገባው ነበር!

ከዚያ ወዲያ 1858 ይመጣል፤ የርቀት ትምህርትና የአናቶሚ ታሪክ የተገናኙበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የለንደን ዩኒቨርሲቲ በኮሌጅ ቁጭ ብሎ ያልተማረ ሰውም የትም አጥንቶ ለፈተና እንዲቀርብ በሩን ከፈተ። አንድ በር ግን አልከፈተም፤ የሕክምናን። ያለ አስከሬን ሐኪም አይወጣም ተባለ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ሄንሪ ግሬይ የጻፈውና ሄንሪ ካርተር የሣለው የአናቶሚ መጽሐፍ ታተመ። ግሬይ በ1861 በ34 ዓመቱ በፈንጣጣ ሞተ፤ መጽሐፉ ግን እየታደሰ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሁለቱ ሰዎች እየቀደዱ ያጠኗቸው አስከሬኖች የተገኙት የ1832ቱ ሕግ በከፈተው መንገድ ነው። የደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ አለ፤ የሠዓሊውም ተጠቅሷል፤ የተሣሉት ሰዎች ስም የለም።

የውበትና የግፍ ዝምድና ከሁሉ የከፋው በቪየና ነው። ኤድዋርድ ፔርንኮፍ የተባለው የናዚ ፓርቲ አባል ከ1937 ጀምሮ ያሳተመው የአናቶሚ ሥዕል መጽሐፍ በጥራቱ አቻ የለውም እየተባለ በየአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ተጠቅመውበታል። ከጥንቶቹ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በሠዓሊው ፊርማ ውስጥ የናዚ ምልክት ነበረባቸው። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ነገሩን አስመርምሮ በ1998 ባወጣው ዘገባ በናዚ ዘመን ቢያንስ 1,377 በሞት የተቀጡ ሰዎች አስከሬን ወደ አናቶሚ ተቋሙ መግባቱን አረጋገጠ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በፖለቲካ ምክንያት የተፈረደባቸው ነበሩ። ከሥዕሉ የተማረው ሐኪም ምንም አላጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ባለማወቁ ምክንያት የማንም ባለዕዳ አልነበረም ልንል እንችላለን?

«ይህ ሁሉ የድሮ ነው፤ ስክሪኑ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ጆሴፍ ፖል ጀርኒጋን ማን እንደ ነበር ይጠይቅ። በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በነሐሴ 1993 በቴክሳስ በመርዝ መርፌ የተገደለ እስረኛ ነው። አካሉን ለሳይንስ ለመስጠት ፈርሞ ነበር። አስከሬኑ እንደ በረዶ ተጋግሮ አንድ አንድ ሚሊሜትር እየተላጠ 1,871 ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ በ1994ም የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለዓለም አደለው። በሚከተለው ዓመት ስሟ ያልተነገረ የ59 ዓመት ሴት ምስል ተጨመረ፤ እርሷ ከ5,000 በላይ ገጽ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ተማሪ በኮምፒውተር ቆዳን ገልጦ ጡንቻን፣ ጡንቻን ገልጦ አጥንትን የሚያይባቸው ብዙ ሥራዎች የተቀዱት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። ሞት የተፈረደበት እስረኛ ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ፈቃድ እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። የማያከራክረው ከምስሉ በስተጀርባ ሰው መኖሩ ነው።

ታዲያ የርቀት ተማሪ ምን ይጎድለዋል? መዳሰስ ይጎድለዋል። ሥዕል አንድ ዓይነት ሰው ያሳያል፤ እውነተኛው አካል ግን እንደ መልክ ይለያያል፤ የደም ሥሩ መጽሐፉ ካለው ቦታ ፈቀቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለመሙላት አንዳንድ ኮሌጆች የበግ ልብና የበግ አንጎል በሣጥን አሽገው ለተማሪው ይልኩለታል። መልካም ነው፤ ጋለን ግን ከጴርጋሞን ተነሥቶ በፖስታ መጣ ማለት ነው።

ተማሪው ሳያስተውለው የያዘው አንድ አካል ግን አለ፤ የራሱ። ዊልያም ሃርቪ በ1628 ደም በሰውነት እየዞረ እንደሚመለስ ሲያስረዳ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የታሰረ የሰው ክንድ ነበር። ክንድ ከክርን በላይ ለአፍታ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ይነፋሉ፤ በየመካከላቸውም ቋጠሮ የመሰሉ ትንንሽ ክዳኖች ይታያሉ። በአንድ ጣት ሥሩን ተጭኖ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ እስከሚቀጥለው ቋጠሮ ማዶ ቢጠርጉት ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ደሙ ወደ ኋላ አይመለስም። የታችኛው ጣት ሲነሣ ግን ወዲያው ይሞላል። ይህን ለማየት ቢላዋም፣ የድሃ አስከሬንም አላስፈለገም። ፊዚዮሎጂ የሕያዋን ትምህርት ነውና የእጅ ትርታውን ተቀምጦና ሮጦ የቆጠረ ተማሪ ከሥዕል የማያገኘውን አግኝቷል።

ለአናቶሚ ግን ሙታን ያስፈልጋሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የተለወጠው የሚገኙበት መንገድ ነው። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ሰው በሕይወት ሳለ አካሉን በፈቃዱ የሚለግስበትን የጋራ ሕግ እየተከለች መጣች፤ በብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ዓመቱ ሲያልቅ ለለጋሾቹ የመታሰቢያ ሥርዓት ያደርጋሉ፤ ቤተ ሰቦቻቸውም ይጋበዛሉ። በብዙ የአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን ዋናው ምንጭ ዛሬም ፈላጊ ያጣ አስከሬን ነው። የመቃብር ክብርን ያህል ነገር የማይለቅ ኅብረተሰብ ይህን አይቶ እንዳላየ ማለፉ ያስገርማል። እድር ያለው ይቀበራል፤ እድር የሌለው ያስተምራል።

እንግዲህ ከቤቱ ሆኖ የሚማረው ሰው ከአስከሬን የራቀ አይምሰለው። ሽታው ራቀው እንጂ ሰውየው አልራቀውም። በስክሪኑ ላይ የጭን አጥንትን ስም ሲሸመድድ፣ ያ አጥንት አንድ ቀን የአንድ ሰው ጭን ሆኖ መንገድ ሄዶበታል። ነገ ነርስ ሆኖ በሽተኛ አጠገብ ሲቆም፣ በተለይም ያ በሽተኛ ጠያቂ የሌለው ድሃ ሲሆን፣ ዕዳውን የሚከፍልበት አልጋ እርሱ ነው።