ቤዝ፦ ከዝቅታ በፊት ውፍረት

የሙዚቃ ሰዎች «ቤዝ» ሲሉ ሁለት ነገር ይጠራሉ፤ አንድም ጊታሩን፣ አንድም ማንኛውንም ወፍራም ድምፅ። ቃሉን «መሠረት» ብሎ የሚፈታው ብዙ ነው። ዘፈን በቤዝ ላይ ስለሚቆም ፍቺው ያምራል፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። መሠረት የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛው «ቤዝ» ከግሪኩ «ባሲስ» የወረደ ሲሆን፣ ባሲስ ርምጃና የእግር መቆሚያ ማለት ነው። የሙዚቃው «ቤዝ» የተወለደው ከኋለኛው ዘመን የላቲን ቃል ከ«ባሱስ» ነው። እንግሊዞች የጣሊያንኛውን «ባሶ» ተከትለው አጻጻፉን ሲለውጡ አነባበቡን እንደ ነበረ ተዉት፤ ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በጆሮ አንድ ሆነው ቀሩ። አማርኛም ሁለቱን በአንድ አጻጻፍ ተቀበላቸው፤ መምታታቱም አብሮ መጣ።

«ባሱስ» በቀድሞ የላቲን ቃላት መፍቻዎች «ወፍራም፣ ደንዳና» ተብሎ ይፈታል። አጭርና ድንክ የሆነውንም ይገልጽ ነበርና፣ ከዚያ «ዝቅ ያለ» ወደሚለው ትርጉም ተሻገረ፤ ጣሊያንኛው «ባሶ» የያዘው ይህን የኋለኛውን ነው። ድምፅን በውፍረት መለካትም የቆየ ልማድ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የሴቪያው ኢሲዶር ድምፆችን ሲመድብ፣ ብዙ ትንፋሽ ባንድ ጊዜ የሚወጣበትን የወንዶችን ድምፅ «ወፍራም»፣ የሕፃናትንና የሴቶችን «ቀጭን» ብሏል።

አማርኛ ይህን ልማድ አልለቀቀም። ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ እንላለን። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ስንል «አትጩህ» ማለታችን ነው፤ ዝቅታን ለጩኸት መጠን፣ ውፍረትን ለድምፁ ዓይነት ለይተን ሰጥተናል። ፊዚክሱም ይደግፈናል፦ ርዝመታቸውና ውጥረታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት አውታሮች ከባዱና ወፍራሙ ቀስ ብሎ ይርገበገባል።

የዝቅታና የውፍረት ልዩነት በሚክሲንግ (ድምፆችን በማዋሐድ) ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር በጣት ሳይጫን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ የምንለው ይህ ነው። የስልክ ስፒከር ያን ያህል አየር መግፋት ስለማይችል ከ200 ኸርዝ በታች ያለው በአብዛኛው ይጠፋበታል። ቤዙ በስልክ አልሰማ ሲል ብዙ ጀማሪ ታችኛውን ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል። ስልኩ አሁንም ዝም ይላል፤ ትልቁ ስፒከር ደግሞ ይጨቀያል።

መውጫው ያለው በአውታሩ ውስጥ ነው። አውታር 41 ብቻ አይሰጥም፤ 82፣ 124፣ 165፣ 206፣ 247 እያለ የሚወጣ የሃርሞኒክስ መሰላል አለው። የታችኛው ደረጃ ቢጠፋ እንኳ ጆሮ ከቀሩት ደረጃዎች እኩል ርቀት ተነሥቶ ያንኑ ወፍራም ኖታ ይሰማል። ለምሳሌ፣ የድሮው ስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። የብዙ ወንዶች መሠረታዊ ድምፅ ከዚያ በእጅጉ በታች ቢሆንም፣ ያባቱን ድምፅ የልጅ ድምፅ ነው ብሎ የተሳሳተ የለም። የኔዘርላንዱ ሊቅ ስኩተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ይህን ከቀሩት ደረጃዎች የሚሰማ ኖታ «ሬዚዱ» አለው፤ በላቲን «ተቀምጦ የቀረ» ማለት ነውና «ቅሪት» ብንለው ልክ ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ሃርሞኒክሱን ማብዛት ነው፤ የሚያበዛው መሣሪያ ስሙ «ሳቹሬሽን» ነው። ሥሩ የላቲኑ «ሳቱር»፣ «የጠገበ» ነው። የመቅጃ ቴፕ መግነጢስ ሲጠግብ የሞገዱን ጫፍ እንዳለ መቀበል ስለማይችል ያዶለዱመዋል፤ ያ መዶልዶም አዲስ ሃርሞኒክስ ይወልዳል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የቤዙን ትራክ አባዙት፤ በቅጂው ላይ ሳቹሬሽን ጨምሩበት፤ ከዚያ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ከቅጂው ቁረጡና በስልክ እያዳመጣችሁ ቤዙ እስኪለይ ድረስ ቀስ በቀስ ከዋናው ጋር ቀላቅሉ። የዋናው ትራክ ታችኛው ድምፅ ሳይነካ ይቆይ፤ በመኪናና በትልቅ ስፒከር የሚሰማ ሰው ድርሻው ነው።

የበገና ሠሪዎች ይህን ጥበብ ያለ ኤሌክትሪክ ይዘውታል። በአሥሩ አውታሮችና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲርገበገብ እየነካቸው ይነዝራል፤ ንዝረቱም ብዙ ሃርሞኒክስ ይጨምርበታል። በገና ያን ግርማ የሚያገኘው ከአውታሩ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ንዝረትም ነው። እንዚራው ካልተስተካከለ ደርዳሪው ሌላውን ትቶ እርሱን ያቃናል።

ስለዚህ በስቱዲዮ «የቤዙን ታችኛ ድምፅ ጨምር» ከማለት «አወፍረው» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ትእዛዝ የስፒከሩ አቅም ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ሁለተኛው ግን በእጅ ስልክም ይፈጸማል።