ከዱቤ ደብተር ወደ መረጃ ቋት፦ የአነስተኛ ንግድ ሽያጭና ደረሰኝ አመዘጋገብ

ከጫኖና ከላንቴ ቀበሌዎች የሚጫነው ሙዝ፣ ከጨንቻ ደጋ የሚወርደው አፕል፣ የዶርዜ ሸማኔዎች ጥበብ፣ ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች የሚወጣው ዓሣ በዓይነት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ዕቃው ዛሬ ይሄዳል፤ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል። ሙዝ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጫኙና ተረካቢው የሚተዋወቁ ቢሆኑም በመካከላቸው የሚኖረው ማስረጃ ብዙ ጊዜ የስልክ ጥሪና በደብተር ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ብቻ ነው። ክርክር በሚነሣበት ቀን የነጋዴውን ወይም የማኅበሩን ገንዘብ የሚያድነው ያ መስመር ነው።

ደብተር የሚናቅ መሣሪያ አይደለም። መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ችግሩ የሚታየው ጥያቄ ሲቀርብለት ነው። «ከሠላሳ ቀን በላይ ያልከፈሉት ደንበኞች እነማን ናቸው? በድምሩስ ስንት ብር ይፈለግባቸዋል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ከመግለጥ በቀር መልስ የሚገኝበት መንገድ የለም። በተለምዶ ዳታቤዝ የሚባለው የመረጃ ቋት የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

ሠንጠረዦቹና ዝምድናቸው

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የመረጃ ቋት ዓይነት መነሻው፣ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ እያንዳንዱ እውነታ በአንድ ቦታ ብቻ ይመዘገባል፤ ሠንጠረዦችም በመለያ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ለሽያጭ ሥራ አምስት ሠንጠረዦች ይበቃሉ። አንዱ የደንበኞች ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ ከተማና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይይዛል። ሁለተኛው የዕቃዎች ዝርዝር ነው። ሦስተኛው የደረሰኞች ሲሆን ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥርና የደንበኛውን መለያ ይመዘግባል። አራተኛው በየደረሰኙ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች በዓይነት፣ በመጠንና በዋጋ ይዘረዝራል። አምስተኛው ክፍያ የሚገባበት ነው።

ክፍያ ለብቻው ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። ደንበኛ አንዱን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ ከፍሎ ሊጨርስ ይችላል፤ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉን በባንክ፣ ቀሪውን በቴሌብር። «ተከፍሏል» ወይም «አልተከፈለም» የሚል አንድ ዓምድ ይህን ሊይዝ አይችልም። እያንዳንዱ ክፍያ ከባንኩ ወይም ከቴሌብር የግብይት ቁጥር ጋር ራሱን ችሎ ሲመዘገብ ግን ቀሪው ዕዳ በማንኛውም ሰዓት ተሰልቶ ይገኛል።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በዋጋ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ 4,000 ኪሎ ሙዝ ኪሎውን በ30 ብር ሸጠ እንበል። ድምሩ 120,000 ብር ነው። ተረካቢው 70,000 ብር ቢከፍል 50,000 ብር ይቀርበታል። በሳምንቱ ዋጋው ወደ 34 ብር ወጣና ነጋዴው በዕቃዎች ሠንጠረዥ ላይ ያለውን ዋጋ አስተካከለ። ሥርዓቱ የደረሰኙን ድምር የሚያሰላው ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ከሆነ፣ የቆየው ሽያጭ በአንድ ጊዜ 136,000 ብር፣ ዕዳውም 66,000 ብር ይሆናል። ተረካቢው ያልተስማማበትን 16,000 ብር ተጠየቀ ማለት ነው። ስለዚህ የተሸጠበት ዋጋ በደረሰኙ ዝርዝር ውስጥ በሽያጩ ቀን ተጽፎ መቅረት አለበት። «አንድ እውነታ በአንድ ቦታ» የሚለው ሕግ እዚህም አልተጣሰም፤ የዛሬው የገበያ ዋጋና ያን ቀን የተሸጠበት ዋጋ ሁለት የተለያዩ እውነታዎች ናቸውና። የተጨማሪ እሴት ታክስ መጠንም እንደዚሁ በሽያጩ ቀን በነበረው ልክ ይመዘገባል።

ለሙዝ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስፈልጋል። በመኪና ላይ የተጫነው ኪሎና ተረካቢው የተቀበለው ኪሎ እኩል የማይሆኑበት ጊዜ አለ፤ በመንገድ የሚላላጥ፣ የሚበስልና ክብደት የሚቀንስ አለና። «የተጫነ» እና «የተረከበ» ተብለው በሁለት ዓምድ ሲመዘገቡ ልዩነቱ በየመኪናውና በየተረካቢው ይወጣል። ሁልጊዜ ብዙ ኪሎ የሚቀንሰው አንዱ ተረካቢ ብቻ ከሆነ ነገሩ በመንገዱ ብቻ የሚመካኝ አይሆንም።

በኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ መዝገቡ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ማኅበሩ ለነጋዴ የሸጠው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ አባል ያስረከበው ምርትም በቀንና በኪሎ መግባት አለበት። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሲከፋፈል አባሉ በግብይቱ ያደረገው ተሳትፎ መታወቅ ስላለበት፣ የተዘለለ አንድ ርክክብ ከአንድ ገበሬ ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው።

የአገሩ ቀን፣ የአገሩ ስም

ከውጭ የሚመጡት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለእኛ አቆጣጠር አይደለም። በማይክሮሶፍት አክሰስ የቀን ዓምድ ላይ ጥቅምት 30 ቀን 2018ን 30/2/2018 ብሎ ለማስገባት ቢሞከር አይቀበልም፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውምና። አለመቀበሉ እንኳ ደግ ነው። የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017ን 5/13/2017 ብሎ ለጻፈ ሰው ፕሮግራሙ ወሩንና ቀኑን አገላብጦ ሜይ 13 አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ቀላሉ መፍትሔ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት የቁጥር ዓምዶች ለይቶ መያዝ ነው። ወይም በአንድ ቁጥር አያይዞ 20180230 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ እንዲህ የተጻፈ ቀን በቅደም ተከተል ለመደርደር አያስቸግርም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የዓመቱን ሪፖርት ለማውጣትም ይመቻል።

የስም ነገር ሌላው ነው። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለሰው ዓይን አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው። የጋሞ ቋንቋ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአንድ ሰው ስም በአንድ ቦታ በላቲን፣ በሌላ ቦታ በግዕዝ ፊደል ሊገባም ይችላል። ዕዳው በሦስት ስም ተከፋፍሎ ከተመዘገበ እያንዳንዱ ትንሽ መስሎ ይታያል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠትና የስልክ ቁጥሩን ለማመሳከሪያ መያዝ ከዚህ ያድናል። ለስሙም የራስ፣ የአባትና የአያት ተብለው ሦስት ዓምዶች ይዘጋጁ፤ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ዓምድ እዚህ አገር የሚሞላበት የለም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ ስለተካተተ በዛሬዎቹ ፕሮግራሞች አማርኛ ለመጻፍ እንቅፋት የለም። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየበ ዝርዝር ግን ወደ መረጃ ቋት ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን እንደገና መተየብ ግድ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ፕሮግራም?

ማይክሮሶፍት አክሰስ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበ ሲሆን በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ሊብሬኦፊስ ቤዝ ተመሳሳይ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። በአገራችን የሂሳብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው ፒችትሪ ዝግጁ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ የሂሳብ ባለሙያ ላለው ድርጅት ይመቻል፣ ለአንድ ሱቅ ግን ይበዛል። ደንበኞቹ ከሃያ የማይበልጡ ነጋዴ በኤክሴል ቢጀምር አይነቀፍም። ኤክሴል የሚያንሰው ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲመዘግቡበትና የአንድ ደንበኛ ዝርዝር በየመስመሩ ሲደጋገም ነው።

የመረጃ ቋቱን የሚያዘጋጅ ሰው ማግኘት በአርባ ምንጭ የሚከብድ አይደለም፤ ከተማዋ የዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ሙያ ተማሪዎች ያሉባት ናት። ሥራውን የሚሰጠው ባለ ንብረት ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይስማማ። የይለፍ ቃሉና የፋይሉ ቅጂ በእጁ ይሁን። ሠሪው ተመርቆ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ ከሄደ የተዘጋ ደብተር ነው የሚቀረው።

ፋይሉ በየምሽቱ በፍላሽ ይገልበጥ፤ ፍላሹም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጥ። ሲቀላ ሱቅ ያለው ሰው ሴቻ ባለው ቤቱ ቢያኖረው ሌባም እሳትም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገኛቸውም።

ከአታሚው የሚወጣው ወረቀት ደረሰኝ ነው?

አይደለም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ነው። የመረጃ ቋቱ የሚያትመው ወረቀት የሂሳብ መጠየቂያ ወይም የመረካከቢያ ሰነድ ሊሆን ይችላል፤ ሕጋዊ ደረሰኝን ግን አይተካም። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ደረሰኝ የሚያሳትም ግብር ከፋይ ከማሳተሙ በፊት የደረሰኙን ዓይነትና ብዛት በታክስ ባለሥልጣኑ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት፤ አታሚውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ያለባቸው ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ይገዛሉ። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር የሕጋዊውን ደረሰኝ ቁጥር በመረጃ ቋቱ ውስጥ በራሱ ዓምድ መመዝገብ ነው፤ ሁለቱ ሲመሳከሩ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ወዲያው ይታያል። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዶቹን በሕግ ለተወሰነው ጊዜ ማቆየት ስላለበት የወረቀት ቅጂዎቹ አይጣሉ። የግብር ከፋዮች የደረጃ አመዳደብ በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ስለተለወጠ፣ ግዴታውን የቆየ መረጃ ይዞ ከመገመት በቅርብ ያለውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበጃል።

ለመጀመር የሚመቸው ቀን ሐምሌ 1 ነው። በዚያ ቀን ከደብተሩ ወደ ቋቱ የሚገባው የዓመታት ታሪክ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ብቻ ነው። ከመግባቱ በፊትም እያንዳንዱ ባለ ዕዳ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ ይፈርምበት። የመጀመሪያውን አንድ ወር ደብተሩና ኮምፒዩተሩ ጎን ለጎን ይሠሩ፤ በወሩ መጨረሻ የሁለቱ ድምር ካልገጠመ ልዩነቱ እስኪገኝ ድረስ ደብተሩ አይዘጋም።