ትንሿን ፈረስ በአፍሳር ማስለመድ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት እንስሳት ስናወራ ከዚሁ ከአርሞን ሃናጺቭ አንዲት እናት ደውለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የፈረስ ማርቢያ ይውላል፤ አሁን ደግሞ የስድስት ወር ውርንጭላ እንዲያስለምድ ተሰጥቶታል። «ፈረስ ይሏታል እንጂ ከፍየል አትበልጥም። እንደ ሙሽራ አስጊጠው ዳኛ ፊት ሊያቆሟት ነው አሉ። ይሄ ነገር ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» አሉኝ። የዚያን ዕለት ሰዓት ስላጠረን በወጉ አልመለስኩላቸውም፤ እነሆ አሁን በጽሑፍ።

ሥራ ነው፣ እማማ። ያቺ ፈረስ ምግብ አንሷት ወይም ታማ የቀጨጨች አይደለችም። ትንንሾቹ ለብዙ ትውልድ እየተመረጡ በመዳቀላቸው የተገኘች ዝርያ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ትናንሽ ፈረሶች ማኅበር የሚመዘግበው ቁመታቸው ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጡትን ብቻ ነው። የሚለካውም ከራሷ ሳይሆን ጋማዋ ከሚያልቅበት ከትከሻዋ አናት እስከ መሬት ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ ይህቺ ግን ትልቅ ሰው ስለማይቀመጥባት ማድረሱም አይሆንላትም። ሆኖም ካደገች በኋላ ቀላል ጋሪ ትስባለች፤ ዓይነ ስውራንን መምራት የተማሩም አሉ። በአሜሪካ ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአካል ጉዳተኞች መብት ደንብ ከውሻ ሌላ ለይቶ የሚጠቅሳት የሠለጠነች ትንሽ ፈረስን ነው።

ውድድሩ ያለ ኮርቻና ያለ ጋላቢ ነው። አሠልጣኙ አፍሳሯን ይዞ ይገባል፣ በእርምጃና በሶምሶማ ያስኬዳታል፣ ከዚያ ዳኛው ፊት ያቆማታል። ዳኛው እግሮቿ ቀጥ ማለታቸውን፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ የጥርሷን አገጣጠምና አረማመዷን ይመለከታል። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ይመስለኛል፤ ዓድዋ የዘመቱት ፈረሶችም የሚታሰቡበት ነው። እዚያ ግን ፈረሱ የሚደነቀው ከነጌጡ፣ ከነጋላቢው፣ በሩጫው ነው። እዚህ የሚጠየቀው ቆሞ መታየት ነው። ፈረስ ሲደነግጥ መሸሽ ተፈጥሮው ስለሆነ፣ በሰው ጫጫታ መካከል ዝም ብሎ መቆም ከሩጫ ይልቅ ይከብደዋል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የአስተማሪነት ልማድ አይለቅም። በአማርኛ አፍሳር የምንለውን በዕብራይስጥም አፍሳር ይሉታል። ስለዚህ ልጁ በማርቢያው የሚሰማው ቃልና አያቱ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ቃል አንድ ነው። ከልጓም ጋር ግን እንዳይምታታ፤ ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት ነው፣ አፍሳር ራስ ላይ ብቻ የሚጠለቅ ነው። ለውርንጭላ ልጓም አይታሰብም።

መጀመሪያ አፍሳሩ በልኳ ይሁን። የአፍንጫው ማሰሪያ ከጉንጯ አጥንት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይረፍ፤ ወደ አፍንጫዋ ቀዳዳ ከወረደ ለስላሳውን ቦታ ይጫናል። በማሰሪያውና በቆዳዋ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ውርንጭላ ቶሎ ስለምታድግ ዛሬ ልኳ የነበረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥጋዋን ሊበላ ይችላል። ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ ይውለቅ። በረት ውስጥ ትተውት ሲሄዱ በኋላ እግሯ ጆሮዋን ልታክ ስትል ኮቴዋ ማሰሪያው ውስጥ ገብቶ የተሰበሩ ውርንጭላዎች አሉ።

ከዚያ መመራት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ትንሽ ስለሆነች ይጎትታታል። ፈረስ ሲጎትቱት ወደ ኋላ ነው የሚጎትተው፤ ውርንጭላ ደግሞ አንገቷ ገና ስላልጠና በዚህ ትግል ልትጎዳ ትችላለች። ትክክለኛው መንገድ ገመዱን በለዘብታ ወጠር አድርጎ መጠበቅ ነው። አንድ እግር እንኳ ወደ ፊት ስታነሳ ወዲያው ማላላት፣ አንገቷንም ማከክ። እሷ የምትማረው ገመዱ ሲላላ ነው። እምቢ ካለች ሌላ ለስላሳ ገመድ በቂጧ ዙሪያ አድርጎ ከኋላ ቀስ አድርጎ መግፋት ይረዳል። አገር ቤት ውርንጭላ እናቱን እየተከተለ ገበያ ሲወርድ መንገዱን፣ ጭነቱንና ግርግሩን ይለምድ ነበር። እናቷ እዚያው ካለች እሷን ከፊት አስቀድሞ ማስከተል ዛሬም ይሠራል። ይህን ሳትለምድ ከግንድ ጋር ማሰር ግን አይገባም።

ልጁ ገመዱን በእጁ ላይ እንዳይጠቀልል አደራ። እኔ በልጅነቴ የአባቴን በቅሎ ውኃ ላጠጣ ስወስድ ገመዱን ለሁለት ጊዜ መዳፌ ላይ ጠምጥሜው ነበር፤ ውሻ ጮኸ፣ በቅሎዋ በረገገች፣ እኔም እየተጎተትኩ ወንዝ ወረድኩ። ጠባሳው አሁንም አለ። ትንሽ ፈረስም ብትሆን ከሕፃን ጉልበት ትበልጣለች።

አቋቋሙን የምትማረው በደንብ መመራት ከለመደች በኋላ ነው። «ቁሚ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ ይባል። መጀመሪያ የኋላ እግሮቿ እኩል ይቆማሉ፤ ገመዱን ጥቂት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በመንካት ክብደቷን እያዛወሩ አንድ አንድ እርምጃ ማስተካከል ነው። የፊቶቹ ቀጥለው ይመጣሉ። እንደተስተካከለች ወዲያው «ጎሽ» ብሎ መልቀቅ ይገባል። መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ፣ ነገ አምስት። ጠቅላላው ትምህርት በቀን ከአሥር ደቂቃ አይለፍ፤ ደህና በሠራችበት ላይ ማቆም ይሻላል። ክፍል ውስጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁትም ይኸው ነው፤ ልጅ ደክሞት የተማረውን አይይዝም። በገመድ ዙሪያዋን ማስሮጥ ግን ገና ላልጠኑ መገጣጠሚያዎቿ ሸክም ስለሆነ ይቅር።

ዳኛው ፊት ጆሮዋን እንድታቀና አንዳንዶች ከእጃቸው ያጎርሷታል። እኔ አልመክርም፤ እጅ የለመደች ፈረስ ሲጎድልባት ትነክሳለች። እፍኝ ድርቆሽ በእጅ ውስጥ ማንኮሻኮሽ ይበቃል። በቀረው ጊዜ እግሯን ማንሳትን ትልመድ፤ ኮቴዋ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መስተካከል አለበትና። ሲያነሱም አጭር ስለሆነች ዝቅ አድርጎ ነው፤ ወደ ጎን ከሳቧት ያማታል። የጠጉር መቁረጫ ማሽን ድምፅንም ከውድድሩ ሳምንታት ቀድሞ፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀስ በቀስ እያቀረቡ ማሰማት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ስለ ምግብ፣ ምክንያቱም ሕይወቷን የሚነካው ይህ ነው። ትናንሽ ፈረሶች በቀላሉ ይወፍራሉ፤ ገብስና ፍሩሽካ ሲበዛባቸው ኮቴያቸው ውስጥ የሚያሽመደምድ ሕመም ይገባል። ሆኖም ቀጭን ሆና እንድትታይ ብሎ ከውድድር በፊት ማስራብ የከፋ ነው። ይህች ዝርያ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ስቡን በአንዴ ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበቷም ይጎዳል፤ በቀናት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ለውጥ ካስፈለገ በሳምንታት፣ ጥሩ ድርቆሽ ሳይቋረጥ፣ በእንስሳት ሐኪም ምክር ይሁን። ጠዋት የቀረበላትን ድርቆሽ ሳትነካ ካገኛት ልጁ ለነገ አይበል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ።